ማወፈሪያ

ጉደር፣ መስከረም 24 ቀን 2011 ዓ.ም.

እትዬ ወሰን፣

ደብዳቤሽን ሹፌሩ ቱፋ ትናንት ሚኒባሱን ደጄ ላይ አቁሞ፣ ጥሩምባውን እየነፋ ሰፈርተኛውን ሁሉ ካስወጣ በኋላ ሰጠኝ። እንዴት ከረምሽ? የእህል በረንዳሽ እንዴት ነው? ልጅሽ ሚስጥርስ? መልሱን አውቀዋለሁ፤ ሁላችሁም ደህና ናችሁ፣ ሚስጥር ብቻ ቀጭን ናት። ያን ሁሉ ገጽ የፈጀሽው ይህንኑ ለመናገር ነውና።

ስትደውዪ የማላነሳው ንቄሽ አይደለም። እናታችን ልትሞት ስትል «እናንተ ስልክ ላይ ትናከሳላችሁ፤ ወይ ተገናኙ ወይ ተጻጻፉ» ብላ አስምላናለች። እኔ መሐላዬን እጠብቃለሁ። አንቺ ግን በየሳምንቱ ትደውያለሽ፤ ከዚያ ደግሞ አያነሳም ብለሽ ለዘመድ ሁሉ ታወሪያለሽ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። «ወንድሜ የስብ ዶክተር ነው» እያልሽ ገበያ ላይ የምትነዢውን ነገር ተይኝ። የስብ ዶክተር የሚባል የለም። እኔ የማጠናው በሴል አስኳል ውስጥ ሆነው፣ የበላነው ስብና ስኳር የት እንደሚሄድ የሚወስኑ ተቀባዮችን ነው። የፈረንጅ ስማቸው ላይ «ኑክሌር» የሚል ቃል አለበት። የአስኳል ማለት ነው እንጂ ቦምብ አይደለም። ይህን ላንቺ ብቻ የማስረዳ እንዳይመስልሽ። አምና «የኑክሌር ተቀባዮች» ብዬ የጻፍኩትን የጥናት ዕቅድ ያየ አንድ የቢሮ ሰው፣ የጨረር መከላከያ ልብስ አለህ ወይ ብሎ ጠይቆኛል። «የአስኳል ተቀባዮች» ብዬ ሳስተካክለው ደግሞ ስንት ዶሮ እንዳለኝ ጠየቀኝ። ከምሁሩ ይህን ከሰማሁ ካንቺ ምን እጠብቃለሁ?

ቢሆንም ልሞክር። በየሴሉ አስኳል ውስጥ ማኅተም የያዘ ሹም ተቀምጧል በይ። ባለጉዳይ ካልመጣለት ማኅተሙን አይመታም። ባለጉዳዩ ሆርሞን ሊሆን ይችላል፣ ከበላሽው ቅባት የተሰበረ ቁራጭም ሊሆን ይችላል። ሲመጣ ማኅተሙ ይመታል፤ ስቡ ይቀመጥ፣ ስኳሩ ይቃጠል፣ ጉበት ከጎተራው ያውጣ የሚል ትእዛዝ ይወጣል። ሹሙም አንድ አይደለም። አንዱ አስቀምጡ ይላል፣ አንዱ አቃጥሉ ይላል፣ ሁሉም እርስ በርሱ ይጠባበቃል። ከኛ መሥሪያ ቤት የሚለዩት ሥራቸውን በመሥራታቸው ነው። ሚስጥር የቀጠነችው ሹሞቿ እንዲህ ስለተስማሙ ነው። አባታችንም እንደሷ ነበር፤ ምን ያህል ሥጋ ይበላ እንደነበር አይተሻል፤ ቀበቶው ግን እስከ መጨረሻው ያቺው ቀዳዳ ላይ ነበረች።

ስለዚህ እስከ ጥር ሠርጓ ድረስ የሚያወፍራት ነገር ንገረኝ ላልሽው፣ የለም። ልጅቱ ጤነኛ ናት። አንቺ የተጣላሽው ከጤናዋ ጋር ነው።

ወንድምሽ ዘሩባቤል


ጊንጪ፣ ጥቅምት 28 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለክቡር ዶክተር ዘሩባቤል ጉግሳ፣

እጅ ነስቼ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ለዶክተር ሲጻፍ እንዲህ ነው አይደል? ካጎደልኩ ይቅርታ፤ እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆምኩት አንተ እንድትማር ስለነበር፣ ቀሪውን አላስተማሩኝም።

ባለፈው በቱፋ በላክህልኝ ብጣሽ ወረቀት ላይ «ተስፋ ቆረጥሽ ወይስ ጠንቋይ አገኘሽ?» ብለሃል። ተስፋ አልቆረጥኩም። ጠንቋይም አላገኘሁም። ስለ ሹማምንቱ የጻፍከውን ግን እህል ገዥ ሲጠፋ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አንተ እዚያ ለምርምርህ አይጥ ታደልባለህ፤ እኔ ልጅ ልድር ነው። ያንተ ሹም ማኅተሙን አልመታም ካለ፣ እኔ የሚያስመታ አግኝቻለሁ። ምን እንደሆነ አልነግርህም፤ ታጣጥልብኛለህ።

ደግሞ ለምን እንዲህ እንደሆንኩ ስላልገባህ ልንገርህ። የእጮኛዋ የሮቤራ ቤተሰቦች ከእንጭኒ የመጡ ቀን አንተ ፈተና አለብኝ ብለህ ቀርተሃል። እኔ ብቻዬን ተቀመጥኩ፤ አባቷ እንደሆነ አፈር በልቶታል። የልጁ እናት አዴ ኡርጌ ብድግ አለች። ቁመቷ በር ያስጎነብሳታል፣ ክንዷ እንደ እኔ ጭን ነው። ልጄን ጠራቻትና ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ያዘች። ከላይ እስከ ታች አየቻት። ከዚያ በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት «ገበዹ» አለቻት። ወፍሪ ማለት ነው። ይህን ያህል ኦሮምኛ እኔም አላጣም፤ ከብት ተራ ላይ የደለበ በሬ ሲያገላብጡ «ገበቴራ» ሲሉ ስሰማ ነው ያረጀሁት። ልጄን እንደ በሬ ዳሰሰቻትና ገና ነሽ አለቻት። ሽማግሌዎቹም «አሜን» አሉ። አሜን! የኔ ፊት ምን ይመስል እንደነበር አንተ አላየህም።

እንግዲህ እሷም ትየው። አሁን የልጄ ጉንጭ ሞልቷል። ልብስ ሰፊዋ ጥሩነሽ ልኳን ወስዳ የሠርግ ቀሚሷን ከጨረሰች በኋላ ሰሞኑን እንደገና አስፍታዋለች። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ሰው ዞር ብሎ ያያታል። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አንተ ደግሞ ከአይጦችህ ጋር ደህና ሁን፤ ለነሱም ሰላም በልልኝ።

እህትህ ወሰንየለሽ


ጉደር፣ ኅዳር 12 ቀን 2011 ዓ.ም.

እትዬ፣

ሰላም ነሽ? እኔ ሰላም አልነበርኩም፤ በሳቅ ጎኔን አሞኛል። ደብዳቤሽን አብሮኝ ለሚያስተምረው ለመርጋ አነበብኩለት። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ይህችን እህትህን ለኛ አበድራት» አለኝ።

ተወልደሽ ባደግሽበት ጊንጪ፣ ዕድሜሽን ሙሉ ለኦሮሞ ገበሬ ጤፍ እየሰፈርሽ፣ የተማርሽው ኦሮምኛ የበሬ ኦሮምኛ ብቻ ነው? ሴትዮዋ ያለችው «ጉደዹ፣ ገበዹ» ነው። አንቺ የፊተኛውን ቃል አልሰማሽም፤ ወይም ሰምተሽ ንቀሽዋል። እደጊ፣ ፋፊ፣ ኑሮሽ ይለምልም ማለት ነው። ሕፃን ትልቅ ሰው ሰላም ሲል ይመረቅበታል፣ ተማሪ ሲያልፍ ይመረቅበታል፣ ሙሽራም ትመረቅበታለች። ሽማግሌ አሜን የሚለው ለምርቃት እንጂ ለስድብ ነው እንዴ? አንዲት ትልቅ ሴት ተነሥታ፣ የልጅሽን ጭንቅላት ይዛ፣ በወግ መረቀቻት። አንቺ ቤትሽ ገብተሽ ልጄን በሬ አለችብኝ ብለሽ አለቀስሽ። መርጋ ለአዴ ኡርጌ ይነገራት ወይ ሲለኝ፣ ተዋት፣ አማት መሆኗ ይበቃታል አልኩት።

አሁን ሳቁን ልተወው። ያገኘሁት ያልሽው ምንድን ነው? የአጃ ገንፎ ከሆነ ይሁን። አብሽም ከሆነ ይሁን። ኪኒን ከሆነ ግን ማሸጊያውን ሳትጥዪ በቱፋ ላኪልኝ። የወፈረው ፊቷ ብቻ ነው ወይስ እጅና እግሯም? ውኃ ታበዛለች? እንቅልፏስ? ይህን የምጠይቅሽ ለወግ አይደለም፤ በደንብ አይተሽ መልሺ።

ዘሩ


ጊንጪ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2011 ዓ.ም.

ዘሩ፣

ሰነበትክ? እኔ የሰነበትኩት ተናድጄ ነው። መልስ ያዘገየሁትም ለዚያ ነው፤ እህል አስጭኜ፣ ጾም ይዤ ምናምን አልልህም። የራስህን እህት ጉድ ለባዕድ አንብበህ አስቀሃል። እናታችን ብትኖር ኖሮ በየትኛው ፊትህ ታያት ነበር?

ምርቃት ነበር ላልከው፣ እሺ፣ ምርቃት ይሁን። ማንም አልነገረኝም። አጠገቤ የተቀመጡት ጎረቤቶቼ ሁሉ ኦሮምኛ ይችላሉ፤ አንዳቸውም ዞር ብለው ምርቃት ነው አላሉኝም። እኔም አልጠየቅሁም። አልገባኝም ማለት በዚያ ቀን አይሆንልኝም ነበር።

እንግዲህ የጠየቅከኝን ልመልስ። አዎ፣ ፊቷ ነው። ክብ ሆኗል። ሆዷም ተነፍቷል፣ ከማጅራቷ በታችም እንደ ትራስ ነገር ወጥቷል፤ ጥሩነሽ ቀሚሱን ስትለካ ነው ያየችው። እጅና እግሯ ግን ያው ነው። እንዲያውም ከወንበር ስትነሣ ጠረጴዛ ትይዛለች፤ ደረጃ ላይ ጉልበቷ ይከዳታል። ውኃ ትጠጣለች፣ ደግማ ትጠጣለች። እንቅልፍ የላትም። ደስታ ነው፣ ሙሽራ አትተኛም ብዬ ነበር።

ማሸጊያውን ልኬልሃለሁ። የሰጠኝ ወንድወሰን ነው፤ የሟቹ ባለቤቴ የአክስት ልጅ፣ መንገድ ዳር የመድኃኒት መደብር የከፈተው። «ማወፈሪያ ነው፤ ሙሽራ ሁሉ የምትወስደው ነው» አለኝ። ከጥቅምት መጀመሪያ ጀምሮ ጠዋትና ማታ እሰጣታለሁ። እሷ ቫይታሚን ነው የሚመስላት፤ እንዲያ ነው ያልኳት። ማወፈሪያ ነው ብላት እንደማትውጠው አውቃለሁ፤ ልጄ አይደለች?

አሁን ምን ላድርግ? ቀሚሱ በዚህ ሰውነቷ ልክ ተሰፍቶ አልቋል። ሠርጉ በጥር ነው። ለገና አዴ ኡርጌ ልታያት ትመጣለች። ስድብህን ቀንሰህ መልሱን ቶሎ ላክልኝ።

ወሰንየለሽ


ጉደር፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2011 ዓ.ም.

ወሰንየለሽ፣

እትዬ ለማለት እጄ እምቢ አለኝ።

ማሸጊያው የዴክሳሜታዞን ነው። ምን እንደሰጠሻት ታውቂያለሽ? አታውቂም። ወንድወሰንም አያውቅም። እሱ የሚያውቀው የሚሸጠውን እንጂ መድኃኒቱ የሚሠራውን አይደለም፤ ነጭ ካፖርት የለበሰ ቸርቻሪ ነው። አንቺ ደግሞ ወንድምሽ በዚሁ ነገር ዶክተር ሆኖ ተቀምጦ፣ የለም ሲልሽ፣ እሱን ንቀሽ ወደ ካፖርቱ ሄድሽ።

ስለ ሹማምንቱ ጽፌልሽ ነበር። ይህ ኪኒን የሚሄደው ከሁሉም ወደሚያስፈራው ነው። ሰውነት ራሱ የዚህ ዓይነት ሆርሞን አለው። ሲራብ፣ ሲታመም፣ ሲደነግጥ አብዝቶ ያመነጨዋል። ሆርሞኑ ገብቶ ከዚያ ተቀባይ ጋር ሲገናኝ፣ ሁለቱ አስኳሉ ውስጥ ሆነው የሚያወጡት ትእዛዝ «ክፉ ቀን መጥቷል» የሚል ነው። ያን ጊዜ ጉበት ጡንቻን እያስናደ ስኳር ይሠራል። ሌላው አካል ስኳሩን እንዳይነካው ይከለከላል፤ ስኳሩ ደም ውስጥ ይንሳፈፋል። ስቡ ደግሞ ከእጅና ከእግር እየተለቀመ ፊት ላይ፣ ማጅራት ላይ፣ ሆድ ላይ ይከመራል። ጉልበቷ የከዳት ሥጋዋ ስለተበላ ነው። ውኃ የጠማት ስኳሯ ስለወጣ ነው። ሰው ቤተ ክርስቲያን ላይ ዞር ብሎ ያየው ውበት ይህ ነው። አንቺ ጥጋብ የሰጠሻት መስሎሽ፣ ጠዋትና ማታ የረኃብ አዋጅ ስታስነግሪባት ከረምሽ። ያውም አንዲት ሴት ስለመረቀቻት!

ዛሬውኑ ጣዪው። ሽንት ቤት ክተቺው። አንዲት ፍሬ እንዳትጨምሪላት። ለሷ ምንም አትንገሪ፤ ቫይታሚኑ አለቀ በያት። ልጅ ናት፣ ብትሰማ ትደነግጣለች፣ ለሮቤራ ታወራለች፣ ያንቺም ጉድ እንጭኒ ድረስ ይሰማል። ፊቷ በራሱ ጊዜ ይመለሳል፤ ቀሚሱን ጥሩነሽ ታጥብበው።

ሌላ ጥያቄ እንዳትጽፊልኝ፤ የተማሪ ወረቀት እያረምኩ ነው። እንዳትደውዪም። መሐላ አለብኝ።

ዘሩባቤል


አምቦ፣ ጥር 1 ቀን 2011 ዓ.ም.

ዘሩ፣

ሰላምታ የለኝም።

ደወልኩልህ። አላነሳህም። ደግሜ ደወልኩ፣ ዘጋህብኝ። በሹፌሩ በቱፋ ስልክ ስደውል፣ እሱ መስሎህ አነሳህ፤ ድምፄን ስትሰማ ግን «ጻፊልኝ» ብለህ ዘጋህ። ይኸው ጻፍኩልህ። ከሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ሆኜ ነው፤ ጽሕፈቴ ካላማረ ይቅርታ አልጠይቅህም።

ያልከኝን አደረግሁ። ደብዳቤህ በደረሰኝ ቀን ያለውን ሁሉ ሽንት ቤት ከተትኩ። ቫይታሚኑ አለቀ አልኳት። ከዚያ በኋላ መብላት አቆመች። ያስታውካታል። ስትነሣ ዓለም ይዞርባታል። ጉንፋን ነው ብዬ፣ የጾም መጨረሻ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ጉድ ይወጣል ያልከኝ ነው ዝም ያሰኘኝ። በገና ዕለት አዴ ኡርጌ እርጎና ቅቤ አስይዛ መጣች። ልጄ ልትስማት ተነሥታ እዚያው እግሯ ሥር ወደቀች። አዴ ኡርጌ ናት አቅፋ መኪና ውስጥ ያስገባቻት። ያ የሳቅሁበት ክንድ ነው የተሸከማት።

እዚህ ስንደርስ ዶክተር ፉአድ የሚባል ወጣት ሐኪም ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ አላት። «ቫይታሚን ነበር፣ አልቋል» አለችው። ምን ትበል? የነገርኳት ያንን ነው። ዞሮ እኔን ጠየቀኝ። አዴ ኡርጌ ከአልጋው ራስጌ ቆማለች። ልጄን አወፍርልሻለሁ ብዬ መርዝ አበላሁ ልበል? ግሉኮስ ሰቀሉላት። የደም ግፊቷ አልነሣ አላቸው። ይገባሉ ይወጣሉ፣ ምን እንደሆነ አልገባቸውም፣ እኔ አውቄ ቆሜያለሁ። ከዚያ ስጠራት አልመልስ ስትለኝ ተናገርኩ። አዴ ኡርጌ እየሰማች፣ ሮቤራም በር ላይ ቆሞ፣ ሁሉንም ተናገርኩ።

ሐኪሙ ሮጠ። በመርፌ የሰጣት ያንኑ ዘር ነው፤ የጣልኩትን። ቆይቶ አስረዳኝ፤ እሱ ሲያስረዳ አይሳደብም። ከውጭ ሲመጣለት ሰውነቷ የራሱን መሥራት ትቶ ነበር አለ። የሚያመነጨው እጢ ተኝቷል። ቀስ በቀስ ቢቀነስ ኖሮ እየነቃ ይሄድ ነበር፤ ባንድ ጊዜ ሲቋረጥ ግን ባዶ እጁን ቀረ፤ ያ ሆርሞን ጨርሶ ከሌለ ሰው አይቆምም። ከዚያ «ባንድ ጊዜ አቁሚ ያለሽ ማነው?» አለኝ።

ደብዳቤህ ጡቴ ሥር ነበር። «እኔው ነኝ፣ ያልተማርኩ ነኝ» አልኩት። ተቆጣኝ። ይቆጣኝ። ስምህን ያልጠራሁት ለክብርህ እንዳይመስልህ። አንተ ያስተማርከው ልጅ ነው አሉ። የዚህ ሰው እህት ነኝ ማለት አፈርኩ።

አሁን ተኝታለች። ትድናለች ወይ ብለህ እንዳትጽፍልኝ፤ አላውቅም፣ እነሱም ነገ ይታያል ነው የሚሉት። ከጉደር አምቦ በባጃጅ የሚመጣበት መንገድ ነው።

ወሰንየለሽ


ጊንጪ፣ የካቲት 17 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለጋሼ ዘሩባቤል፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ተሽሎኛል። የምጽፍልዎ ሚስጥር ነኝ። ረጅሙ ደብዳቤዎ ደርሶኛል። በስሜ ተጽፎ ከእርስዎ የደረሰኝ የመጀመሪያው ነው።

ይቅርታ ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። ሆስፒታል መጥተው ለዶክተር ፉአድ «ያስቆምኳት እኔ ነኝ» ማለትዎንም ነግሮኛል። እማዬ ያን ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳ እንዳዞረች አልደብቅዎትም። አሁንም እርስዎን ስናነሳ ትነሣና እህሏን ታበጥራለች። ታረቁ አልላችሁም፤ የናንተ ነገር የናንተ ነው።

ስለ እጢውና ስለ ተቀባዮቹ የጻፉልኝን አነበብኩት። ደህና አድርጎ ገብቶኛል። ከሞት ስነሣ ትምህርት ይሰጠኛል ብዬ ግን አልጠበቅሁም ነበር። ከግማሹ በላይ ትምህርት ነው፤ ይቅርታው ከመጨረሻው ገጽ በታች ነው የመጣው።

ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ እማዬን ደብዳቤዎቻችሁን አምጪ አልኳት፤ እሷ ለእርስዎ የጻፈቻቸውንም ቱፋ ከእርስዎ ተቀብሎ አመጣልኝ። ሁሉንም በተራ አነበብኳቸው። ሁለታችሁም ስትሳደቡ ታስቃላችሁ፤ አልጋዬ ላይ ሆኜ ስቄያለሁ። ፊቴ አለበት። ሆዴ አለበት። ማጅራቴ፣ ጉልበቴ፣ ውኃ አጠጣጤ፣ እንቅልፌ፣ የቀሚሴ ልክ አለበት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ከኔ ያልተጻፈ አካል የለም። «ሚስጥር ምን ትላለች?» የሚል መስመር ፈለግሁ። ደግሜም ፈለግሁ። የለም።

እኔ ሁለት ክፍል ወዲያ ነበርኩ፣ ጋሼ። እማዬ አዴ ኡርጌ ያለችው ምንድን ነው ብትለኝ እነግራት ነበር፤ ከሮቤራ ጋር የምናወራው በኦሮምኛ ነው። ልወፍር ወይ ብላ ብትጠይቀኝ እምቢ እል ነበር። እርስዎም ውኃ ታበዛለች ወይ ብለው ለሷ ከሚጽፉ ለኔ ቢጽፉልኝ፣ ምን እየዋጥኩ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ሐኪሙ ሲጠይቀኝ ቫይታሚን ብዬ አልመልስም ነበር። እሷ እምቢ እንዳልል ፈርታ ደበቀችኝ። እርስዎ እንዳልደነግጥ ብለው ደበቁኝ። ይህ መደበቅ እኔን ለመግደል ጥቂት ቀረው፤ ሁለታችሁም ግን በዚያን ጊዜ የምትጨነቁት ማን ማንን ናቀ በሚለው ነበር።

ሠርጉ ለግንቦት ተዛውሯል። ያዛወርኩት እኔ ነኝ። እንጭኒ ሄጄ ለአዴ ኡርጌና ለባለቤቷ ለኦቦ ሞሲሳ ራሴ ነገርኳቸው። እማዬ ደጅ ቆማ ነበር፤ አዴ ኡርጌ ወጥታ አስገባቻት፤ አብረው ምሳ በሉ። ምን እንደተባባሉ አልጽፍልዎትም፤ እዚያም ቢሆን ሲጣሉ ነው ያየኋቸው፣ ግን ፊት ለፊት ነው።

ዶክተር ፉአድ የሚሰጠኝ ኪኒን ሌላ ስም አለው፤ ለዴክሳ ግን ዘመዱ ነው። በየጊዜው ይቀንስልኛል። ፍሬውን በምላጭ ለሁለት የምከፍለው እኔ ነኝ። እማዬ ልክፈልልሽ ብላ እጇን ስትዘረጋ አልሰጣትም። መጀመሪያ ስሙን አነብባለሁ፣ ከዚያ እከፍላለሁ፣ ከዚያ እውጣለሁ። ፊቴ እየጎደለ ነው። ጥሩነሽ ቀሚሱን ከፍታ ትታዋለች፤ በግንቦት የምሆነውን አይታ ትሰፋዋለች።

ሠርጉ ላይ ይምጡ። ከእማዬ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው የማስቀምጣችሁ። መሰዳደብ ከፈለጋችሁ ተሰዳደቡ፤ ስለ እኔ ግን ከእንግዲህ ለሷ አይጻፉላት፣ እሷም ለእርስዎ አትጽፍም፤ ነግሬያታለሁ። ስለ እኔ የሚጠይቁት ካለ እኔን ይጠይቁኝ። ሚስጥር ብላችሁ ስም ያወጣችሁልኝ እናንተ ናችሁ፤ ከራሴ ደብቁኝ ማለት ግን አልነበረም።

አክባሪዎ
ሚስጥር